ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥርና ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ፦ የአንድ ድሬዳዋ ቤት የኮራል አኳሪየም የጉዳይ ጥናት

ለምን ጻፍኩት

ድሬዳዋ ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም ያለው ሰው ብዙ አይደለም። ኮራል፣ ማለትም ባሕር ውስጥ ተጣብቆ የሚኖረውን እንስሳ፣ የሚያሳድግ ደግሞ እኔ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። አብረን ከዚራ ያደግን የሰፈሬ ልጅ ነው። ስሙን አልጠቅስም። ታሪኩን እንድጽፈው ግን ራሱ ጠይቆኛል። "እኔ የከፈልኩትን ሌላ ሰው ደግሞ አይክፈል" ነው ያለኝ።

እኔ የዓሣ ሰው አይደለሁም። እንጀራዬ የመስኖና የጉድጓድ ፓምፕ ጥገና ነው። የጠራኝም ለዚያ ነበር። ፓምፕ ያው ፓምፕ ነው ብለን ሁለታችንም አስበን ነበር። ነገሩ እንደዚያ አልሆነም። ችግሩን ለይተን እስክናስተካክል ከግንቦት እስከ ጥቅምት ፈጀብን። በመሃል ሁለት ዓሣ፣ የአንድ ጥሩ ኮራል አንድ ራስ እና አንድ የሳሎን ምንጣፍ ሄዷል።

መነሻው

ልጁ ትራንዚተር ነው፣ ለሥራ ጅቡቲ ይመላለሳል። አንድ ቀን ጓደኞቹ በጀልባ ሙሻ ደሴት ወሰዱት። መነጽር አድርጎ ጭንቅላቱን ውሃ ውስጥ ነከረ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ለስላሳዎቹ ኮራሎች ከሞገዱ ጋር አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ሲወዛወዙ ያየውን ዛሬም መዳፉን እያወዛወዘ ነው የሚያወራው። መልሳችን እዚያ የእጅ ምልክት ውስጥ ነበር። ያኔ ግን ልብ ያልነው የለም።

ገንዳውን መጋላ ያለ መስታወት ቤት ሠራለት። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ጢም ብሎ ቢሞላ 300 ሊትር ይይዛል። ድንጋዩ የያዘውና ከላይ የተተወው ባዶ ቦታ ሲቀነስ፣ እውነተኛው ውሃ ወደ 240 ሊትር ነው። ከሥሩ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ሰምፕ የሚባል ሌላ ትንሽ ገንዳ አለ። ውሃው ከላይ በቧንቧ ወደ ሰምፑ ይወርዳል፣ እዚያ ይጣራል፣ ከዚያ መላሽ ፓምፑ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል።

ውሃውም ከቧንቧ እንደወረደ አይገባም። የድሬ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ፣ ኖራ የበዛበት ነው። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚጋግረው እሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አርኦ በሚባል፣ ኖራውንና ጨውን በሚያስቀር ማጣሪያ ያልፋል። ከዚያ በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ የባሕር ጨው ይገባበታል።

ነዋሪዎቹ ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ዓሦች፣ ክሮሚስ የሚባሉ አራት ትናንሽ ዓሦች፣ ጥቂት ለስላሳ ኮራሎች እና አንድ ቶርች የሚባል አጽም ያለው ኮራል ነበሩ። ከለስላሳዎቹ ውስጥ ሌዘር፣ ዜኒያ እና ዞአንተስ ይገኙበታል። ኮራሎቹ ከባሕር የተነቀሉ አይደሉም። በእርባታ ካደጉ ኮራሎች የተቆረጡ ናቸው፣ በወረቀታቸው በአዲስ አበባ በኩል ነው የገቡት። ይህን ሆን ብዬ ነው የምጠቅሰው። አጽም ያላቸው ድንጋያማ ኮራሎች ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ስር ናቸው። ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር አይቻልም። ጅቡቲ ሄጄ በላስቲክ ቋጥሬ አመጣለሁ ብሎ የሚያስብ ካለ ቢተወው ይሻላል። ለሕጉም ለባሕሩም ስል ነው የምለው።

ችግሩ

ገንዳው ጥቅምት ላይ ተሞልቶ እስከ መጋቢት ደህና ነበር። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ሲመጣ ነገሮች መበላሸት ጀመሩ። ዜኒያው መዘርጋት አቆመ። አሸዋው ላይ በተለይ ከድንጋዩ ኋላ ቀይ፣ ንፍጥ የመሰለ ሽፋን ወጣ። ጠርገው ያነሱታል፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይመጣል። ቴርሞሜትሩ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 31.4 ዲግሪ አሳየ።

ትልቁን ምልክት ያየችው ግን እናቱ ናት። ለሱብሂ ሶላት ስትነሳ ዓሦቹ ሁሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ጠዋት ልጇ ሲያይ ደህና ናቸው። "አቦ እማ፣ ርቧቸው ነው" አላት። እሷ አልተቀበለችውም። "የራበው እንዲህ አይተነፍስም፣ አየር አጥሯቸው ነው" አለች። እውነቷን ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የሁሉ ነገር ቁልፉ ይሄ ነው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ባሕር ጠርዝ ላይ 25 ዲግሪ የሆነ የባሕር ውሃ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። 31 ዲግሪ ሲሆን ወደ 6.1 ይወርዳል። እኛ ደግሞ ድሬን ቆላ እንላታለን እንጂ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠርዙ 87 በመቶ ያህል ነው። ኦክስጅኑም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 6.1 የነበረው 5.3 ሆነ ማለት ነው። ያውም ውሃው እስከ መጨረሻው ከጠገበ።

በቀን ኮራሎቹ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች በብርሃን ኦክስጅን ይሠራሉ። ሌሊት ግን ሁሉም ተንፋሽ ነው፣ የሚያመርት የለም። ስለዚህ ኦክስጅኑ በጣም የሚያንሰው ጎህ ሳይቀድ ነው። እናቱ በትክክለኛው ሰዓት ላይ ነበር ቆማ ያየችው።

መጀመሪያ ለካን

ስደርስ ገንዳው ውስጥ ሁለት ፓምፕ ነበር። አንዱ መላሹ ነው። ሳጥኑ ላይ 3,000 ሊትር በሰዓት፣ 55 ዋት ይላል። ሌላው ከድንጋዩ ፊት የተገጠመ፣ ውሃን በቀጭኑ የሚረጭ የድሮ ዓይነት ፓወርሄድ ነው፣ 38 ዋት። ልጁ ሒሳቡን ሠርቶ ነበር። "3,000ን ለ240 ስታካፍል፣ ውሃው በሰዓት ከ12 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ ፓወርሄዱ ሲጨመር ለለስላሳ ኮራል በቂ ነው" አለኝ።

ቁጥሩ ልክ ነው። የዘርፉ ሰዎች በልማድ የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ፦ ለለስላሳ ኮራል ከገንዳው ውሃ ከ10 እስከ 20 እጥፍ በሰዓት፣ ትናንሽ ፖሊፕ (አፍና ጣቶች ያሏቸው የኮራል አካሎች) ላላቸው ድንጋያማ ኮራሎች ከ30 እስከ 50 እጥፍና ከዚያም በላይ። ችግሩ ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ፓምፑ ምንም ሽቅብ ሳይገፋ የሚሰጠው መሆኑ ነው። መስኖ ላይ ይህን ማንም አይረሳውም። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር የሚወጣው ውሃ ያንሳል። የእሱ ፓምፕ ውሃውን 1.3 ሜትር ሽቅብ፣ በአራት ኤልቦ አሳልፎ ነበር የሚገፋው።

መገመት ስለማልወድ ለካሁት። የመላሹን ቧንቧ ጫፍ ወደ 20 ሊትር ጀሪካን አዞርን፣ ስልኬ ላይ ሰዓት ያዝኩ። 48 ሴኮንድ ፈጀ። በሰዓት 1,500 ሊትር ማለት ነው፣ ከተጻፈው ልክ ግማሹ። 12 እጥፍ ያልነው በእውነቱ 6 ሆነ።

ቀጥሎ ውሃው የት እንደሚሄድ ማየት ነበረብን። ከቤቱ 12 የጥብስ ስንጥር አመጣሁ። ጫፋቸው ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ቀይ የሹራብ ክር አሰርኩ። አሸዋው ውስጥና የድንጋዩ ክፍተት መሃል ተከልናቸው። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ሁለት ጓደኞቹም በርጫ ላይ ነበሩ። አራታችንም መስታወቱ ፊት ተቀምጠን ክሮቹን ስናይ ቆየን። ፓወርሄዱ ፊት ያሉት ሁለቱ እንደ ሽቦ ተወጥረዋል። አምስቱ በደህና ይንቀሳቀሳሉ። አምስቱ ግን ቀጥ ብለው ተንጠልጥለዋል፣ ንቅንቅ የለም። እነዚያ አምስቱ የቆሙት በሙሉ ቀዩ ንፍጥ የወጣበት ቦታ ላይ ነው።

ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ስለ ሊትር ማውራት ትተን ስለ ተኛ ውሃ ማውራት ጀመርን። ኮራል ከቦታው አይነሳም። ምግቡን፣ ኦክስጅኑን የሚያመጣለት፣ ቆሻሻውን የሚወስድለት ውሃው ነው። ገላው ላይ ተጣብቃ የምትቀር ቀጭን የውሃ ሽፋን አለች። ፍሰቱ ሲበረታ ሽፋኗ ትሳሳለች፣ ልውውጡ ይፈጥናል። ውሃው ከተኛ ኮራሉ በራሱ ቆሻሻ ተሸፍኖ ይቀመጣል።

ያልሠሩት ነገሮች

እኔ ከመምጣቴ በፊት ልጁ የራሱን ሙከራ አድርጎ ነበር። ከተበላሸ የኤር ኩለር ማቀዝቀዣ ፓምፑን ነቅሎ ገንዳው ውስጥ አስገባው። በሦስተኛው ሳምንት ዘንጉ ዝጎ ውሃው ቡናማ ሆነ። የኩለር ፓምፕ የተሠራው ለጨው አልባ ውሃ ነው። የጨው ውሃ ፓምፕ ዘንጉ ሴራሚክ፣ ማግኔቱ በፕላስቲክ የተሸፈነ መሆን አለበት። ውስጡ መዳብ ካለው ደግሞ ይብሳል። መዳብ በጣም በትንሽ መጠን እንኳ ኮራልና ቀንድ አውጣን የመሳሰሉ አጥንት አልባ እንስሳትን ይገድላል። ያን ጊዜ ግማሹን ውሃ በመቀየሩ ነው የተረፈው።

ሁለተኛውን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ። የመስኖ አስተሳሰቤን ይዤ "ትልቅ አንድ ፓምፕ ግዛ፣ ይገላገልሃል" አልኩት። 10,000 ሊትር በሰዓት የሚል፣ ፍጥነቱ የማይቀየር ዌቭሜከር (ገንዳ ውስጥ ፍሰት የሚፈጥር ፓምፕ) በሰው አስመጣ። በወረቀት ላይ ከ40 እጥፍ በላይ ነው። ያበራነው ማታ ነበር። አሸዋው ከፓምፑ ፊት ተነስቶ ተቃራኒው ጥግ ላይ ተቆለለ፣ የገንዳው ወለል ባዶ መስታወት ሆነ። ፓምፑን ከፍ አድርገን አሸዋውን አዳንነው። ቶርቹ ግን በፍሰቱ ትክክል ላይ ነበር። የቶርች ኮራል ረጃጅም ለስላሳ ጣቶች አሉት፣ ሥጋው ስለታም አጽም ላይ ነው የተቀመጠው። ያለማቋረጥ ከአንድ አቅጣጫ ሲገፋ ሥጋው በራሱ አጽም ተቀደደ። በአራተኛው ቀን ከሦስቱ ራሶች አንዱ ነጭ አጥንት ሆኖ አገኘነው።

የሚገርመው ከድንጋዩ ኋላ ያሉት ክሮች አሁንም አልተንቀሳቀሱም። 10,000 ሊትር ገፍተን የተኛው ውሃ እንደተኛ ነው። ጅቡቲ ያየውን እንዲነግረኝ እንደገና የጠየቅኩት ያኔ ነው። መዳፉን አወዛወዘ፣ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ። ባሕር ከአንድ አቅጣጫ ብቻ አይገፋም። ኮራሉ ይገፋል፣ ያርፋል፣ በሌላ ጎኑ ይገፋል። እኛ ደግሞ አንድ ጎኑን ብቻ ሌት ተቀን በጎማ እንደሚታጠብ መኪና ስንመታው ነበር።

ሌላም ነገር ተማርን። ርካሽ የሆኑት አንዳንድ የኤሲ፣ ማለትም በቀጥታ በሶኬት መብራት የሚሠሩ ፓምፖች መብራት ሄዶ ሲመለስ በፈለጉት አቅጣጫ ሊዞሩ ይችላሉ። ትልቁ ዌቭሜከርም አንድ ሁለቴ ወደ ኋላ ዞሮ ሲንገጫገጭ አግኝተነዋል። በዚህ ላይ ፓምፑን መስታወቱ ላይ የሚይዘው ማግኔት የተሠራው እስከ 10 ሚሊ ሜትር ለሚደርስ መስታወት ነው። የእሱ ገንዳ 12 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሌሊት ተንሸራቶ አሸዋው ላይ ወደቀ። ከመግዛታችን በፊት በማስመሪያ መለካት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

የሠራው

ትልቁን አወጣነው። በምትኩ ሁለት ትናንሽ የዲሲ፣ ማለትም እንደ ባትሪ ባለ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ፓምፖች ገዛ። እያንዳንዳቸው እስከ 4,000 ሊትር በሰዓት ይሰጣሉ፣ በ24 ቮልት ይሠራሉ፣ ፍጥነታቸውን የሚቀያይር መቆጣጠሪያ አላቸው። ማግኔታቸው 12 ሚሊ ሜትር ይሸከማል። እንደ ቮርቴክ ያሉት ሞተራቸውን ከመስታወቱ ውጪ የሚያደርጉ ፓምፖች ለእኛ ሙቀት የተሻሉ ናቸው። ዋጋቸው ግን አልተቻለም።

አቀማመጡ አንድ ሳምንት ወሰደብን። መጀመሪያ በሁለቱ ጠባብ ጎኖች ላይ በእኩል ከፍታ ፊት ለፊት አድርገናቸው ነበር። ፍሰቶቹ መሃል ላይ ተጋጭተው አሸዋው ላይ ጉድጓድ ቆፈሩ። ቀጥሎ የቀኙን ከውሃው ገጽ 12 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ አድርገን፣ አፉን ትንሽ ሽቅብ አዞርነው። የእሱ ሥራ የውሃውን ገጽ ማንቀሳቀስ ነው። አየርና ውሃ የሚገናኙት እዚያ ነውና። የግራውን 22 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገን፣ በኋለኛው መስታወት በኩል ከድንጋዩ ጀርባ እንዲያልፍ አደረግነው። በየጥቂት ሴኮንዱ አንዱ ሲበረታ ሌላው ይደክማል። ከሙሉ አቅማቸው ግማሽ ገደማ ላይ ነው የሚሠሩት። ከመላሹ ጋር ተደምሮ ወደ 20 እጥፍ ይደርሳል።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ነገር ግን አንድ ሳንቲም አላስወጣም። ድንጋዩ ከኋለኛው መስታወት ጋር ተጣብቆ ነበር። 8 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ሳብነው፣ መሃሉ ላይም መተላለፊያ ተውንለት። ክሮቹን እንደገና ተከልን። ከ12ቱ 11ዱ መወዛወዝ ጀመሩ። ልጁ ስንጥሩን በጣቱ እየጠቆመ፣ "አየህ፣ አየህ፣ ይሄ ነው እኮ ያየሁት!" ሲል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል።

ሙቀቱን በተመለከተ ሁለት ነገር አደረግን። ገንዳ ውስጥ የተነከረ ፓምፕ የሚበላው ኤሌክትሪክ በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ እዚያው ውሃ ውስጥ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፓምፖች 93 ዋት ነበሩ። በቀን ከ2.2 ኪሎዋት-ሰዓት በላይ ሙቀት ነው። አሁን መላሹም በዲሲ ተቀይሮ ሦስቱም ተደምረው 39 ዋት ገደማ ናቸው። ቀኑን ሙሉ 0.94 ኪሎዋት-ሰዓት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ከገንዳው ጫፍ ትንሽ ቬንትሌተር አድርገን የውሃውን ገጽ እንዲያናፍስ አደረግን። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 0.67 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ በቀን እስከ 5 ሊትር ይተናል። የድሮዎቹ ፓምፖች ከቬንትሌተሩ ሥራ ከግማሽ በላዩን ይበሉ ነበር ማለት ነው። በሰኔ ሙቀት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 28.3 ዲግሪ አየን። የተነነውን መተካት ያለበት ጨው የሌለው የአርኦ ውሃ ነው፣ ጨው አብሮ አይተንምና።

መብራት ሲሄድ

ግንቦት ውስጥ አንድ ሌሊት መብራት ከ7 ሰዓት በላይ ጠፋ። ሁሉም ፓምፕ ቆመ። ጠዋት ሁለት ክሮሚስ ሞተው ተገኙ። አዲሶቹን ፓምፖች ዲሲ ያደረግንበት ዋናው ምክንያት ይህ ሌሊት ነው። 24 ቮልት ከባትሪ ማግኘት ይቻላል።

ከአሮጌ ዩፒኤስ የወጡ፣ ገና አቅም ያላቸው ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪዎችን በተከታታይ አገናኘሁ። ሁለቱ ተደምረው 168 ዋት-ሰዓት ይይዛሉ። ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ እንጠቀም ብንል 84 ይሆናል። የቀኙ ፓምፕ ዝቅ ባለ ፍጥነት 6 ዋት ይበላል። ለ14 ሰዓት ይበቃል ማለት ነው። መብራት ሲሄድ ሪሌ የሚባል በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ራሱ ወደ ባትሪ ይቀይራል። የምናስነሳው አንድ ፓምፕ ብቻ ነው፣ የውሃውን ገጽ የሚያንቀሳቅሰውን።

መጀመሪያ ላይ ግን አንድ መቆጣጠሪያ አቃጥያለሁ። ባትሪው ቻርጅ ላይ እያለ ሁለቱ ተደምረው ከ27 ቮልት በላይ ይሰጣሉ። መቆጣጠሪያው የተሠራው ለ24 ነው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ አለቀ። አሁን መሃል ላይ ከፍም ዝቅም ቢል 24 አስተካክሎ የሚያወጣ ትንሽ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ቦርድ አለ።

ምንጣፉ የሄደውም መብራት በሄደበት ቀን ነው። መላሹ ፓምፕ ሲቆም፣ አፉ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ስለነበር ውሃው በዚያው ቧንቧ ተመልሶ ሰምፑን ሞልቶ ፈሰሰ። መፍትሔው ቀላል ነው። ቧንቧው ላይ ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀዳዳ በስተን። ፓምፑ ሲቆም ቀዳዳው አየር ይስብና መልሶ መፍሰሱ ይቋረጣል። ቀዳዳዋ በአልጌ እንዳትደፈን በየሳምንቱ በስንጥር ትጸዳለች። በዚያው ቀን ገመዶቹን ሁሉ ከሶኬቱ በታች ታጥፈው እንዲንጠለጠሉ አደረግኳቸው፣ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ። ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ በራሱ የሚቆርጥ ብሬከርም አስገባን። የጨው ውሃና 220 ቮልት አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ሲሆኑ ይህ አይታለፍም።

ሌላ ሰው ቢጀምር

ከእኔ ጠይቆ የሚጀምር ሰው ቢኖር መጀመሪያ የምለው ገንዳውን እንጂ ፓምፑን አትመልከት ነው። ድንጋዩ ከመስታወቱ ይራቅ። መስታወቱ ይለካ። የሚቀመጠው ኮራል የትኛው እንደሆነ ይታወቅ። ለስላሳ ከሆነ 20 እጥፍ ይበቃል፣ ድንጋያማ ከሆነ ሌላ ሒሳብ ነው። መላሹን ፓምፕ ከፍሰቱ ሒሳብ ብታወጣው እንኳ ብዙ አትሳሳትም፣ የእሱ ሥራ ማጣራት ነው።

ከዚያ ከአንድ ትልቅ ሁለት ትናንሽ ይሻላሉ። አቅጣጫ ይቀያየራል፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ገንዳውን ያቆየዋል። እንደኛ መብራት በሚሄድበትና በሚሞቅ አገር ደግሞ ዲሲ ፓምፕ ቅንጦት ሳይሆን ግዴታ ነው፣ እኔ በዚህ ላይ አልከራከርም።

የመቆጣጠሪያው "የሌሊት" ቁልፍም ይጠንቀቁበት። ብርሃን ሲጠፋ ፓምፖቹን በራሱ ያዳክማል። ሻጩ ኮራሎቹ እንዲያርፉ ነው ይላል። በባሕር ጠርዝ ባለ ቀዝቃዛ ክፍል ምንም ላይል ይችላል። ድሬ ላይ ግን ኦክስጅን በጣም በሚያንስበት ሰዓት የውሃውን ገጽ ማስተኛት ነው። እኛ ዘግተነዋል።

በየሁለት ወሩ ፓምፖቹ ይፈታሉ። ግማሽ ኮምጣጤ በግማሽ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ይነከራሉ። በጥርስ ብሩሽ ይታሻሉ። ነጩ ኖራ ሲለቅ ይታያል። ይህ ካልተደረገ 4,000 የሚለው ፓምፕ ቀስ በቀስ እየደከመ ይሄዳል፣ ድምፁ ስላልተቀየረ ብቻ ማንም አያውቅም።

አሁን ያለበት

ዜኒያው ከመዘርጋት አልፎ ጎረቤቶቹን መውረር ስለጀመረ በመቀስ ይከረከማል። የቶርቹ ሁለት ራሶች ተርፈዋል፣ ከተጎዳው ጠርዝ ላይ አዲስ ሥጋ እየሸፈነ ነው። ቀዩ ንፍጥ ከነሐሴ ወዲህ አልታየም። እናቱ አሁንም ለሱብሂ ስትነሳ በስልኳ መብራት ገንዳውን ታያለች። ዓሦቹ ከድንጋዩ ሥር ተኝተው ነው የምታገኛቸው።

የቀረን አንድ ቦታ አለ። ከኋላ በግራ ጥግ፣ ከሌዘር ኮራሉ ሥር ያለችው አሥራ ሁለተኛዋ ክር አሁንም ቀጥ ብላ ተንጠልጥላለች። ልጁ ሦስተኛ ፓምፕ ልግዛ ይላል። እኔ ሌዘሩ የተቀመጠበትን ድንጋይ ጥቂት እናዙረው ባይ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት አዙረን እናያለን።